ባለባትሪው የጆሮ መከላከያ ከከባድ መድፍ አጠገብ

ከባድ መድፍ ሲተኮስ ድምፁን ከጆሮ እኩል ደረትም ይሰማዋል። የ155 ሚሊ ሜትር መድፍ 43 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ጥይቱን ሲወረውር ከአፈሙዙ የሚወጣው የአየር ግፊት አቧራውን ከመሬት ያስነሣል፤ ልብስንም ያርገበግባል። በዚህ ዓይነት ስፍራ የሞከርሁት ባለባትሪ የጆሮ መከላከያ፣ በማይክሮፎኑ ንግግርን እያጎላ ፍንዳታ ሲመጣ ማጉላቱን በቅጽበት የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ ትእዛዝ ለመስማት ሲባል መከላከያውን ከጆሮ ገለጥ የማድረግን አደገኛ ልማድ አስቀርቶልኛል። ለእኔ ዋጋውን የሚያወጣው በዚህ ብቻ ነው።

ሆኖም ለመድፈኛ ብቻውን አይበቃም። ድንገተኛ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ሲያልፍ ጆሮን ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ሲሆን፣ ከመድፉ ጎን የሚሰማው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከሥሩ የስፖንጅ ውታፍ ጨመርሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሲደራረቡ የሚሰጡት ጥበቃ የየብቻቸው ድምር አይሆንም፤ ድምፅ በራስ ቅል አጥንት በኩልም ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳልና። የመድፉ ወፍራም ጉምጉምታም ከቀጭን ድምፅ ይልቅ መከላከያውን በቀላሉ ዘልቆ ይገባል።

ቅር ያሰኘኝ ጆሮን ዙሪያውን የሚከብበው ለስላሳ ትራሱ ነው። የመነጽሬ ዘንግ ከሥሩ ሲገባ ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያች ቀጭን ክፍተት የሚገባው ድምፅ ደግሞ የመከላከያውን ጥቅም በእጅጉ ይቀንሰዋል። (ከራስ ቁር ጋር ሲለበስማ ይባስ ይንሸራተታል።) ሻጩ ስለ መነጽር አንዳች አልነገረኝም፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ለስላሳና ወፍራም ትራስ ያለውን እንዲመርጥ እመክራለሁ።