ጉፍው ፋየርዎልን 8 ወር ተጠቅሜበት ያየሁት (ሊኑክስ ሚንት ዴስክቶፕ ላይ)

ሰላም። አዳማ ላይ ትንሽ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ፣ ሶስት ዴስክቶፕ ነው ያለን፣ ሶስቱም ላይ ሊኑክስ ሚንት ነው የጫንኩት። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ከመስከረም ጀምሮ ጉፍው (Gufw) የሚባለውን የፋየርዎል (በኔትዎርክ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚፈቅድና የሚከለክል) ማስተካከያ አብርቼ እየሰራሁ ነው፣ ይኸው 8 ወር ሞላኝ። ብዙ አስቸግሮኛል፣ ብዙም ጠቅሞኛል፣ ስለዚ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው።

ፋየርዎል ምን ያደርግልሃል ለምትሉኝ፣ እኛ ቤት የሚመጣው ወረቀት እኮ የሰው መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ የውክልና ወረቀት ነው። ስካን ይደረግና ሼር የተደረገ ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ ሌሎቹ ሁለት ኮምፒውተሮች ከዛ አንስተው ፕሪንት ያደርጋሉ። ደንበኛ ደግሞ ፋይል ሊልክ በኛው ዋይፋይ ይገባል። የሰው አደራ ያለበት ፎልደርና የማላውቀው ስልክ አንድ ኔትዎርክ ላይ ናቸው ማለት ነው፣ ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ጉፍው ሚንት ላይ አብሮ ይመጣል ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ራሳችሁ ካላበራችሁት የለም ማለት ነው። ከስር የሚሰራው ዩኤፍደብሊው (UFW) የሚባለው ፋየርዎል ነው፣ እሱ ከኡቡንቱ (ሚንት የተመሰረተበት ሊኑክስ) 8.04 ጀምሮ ያለ ነው (በፈረንጅ 2008)፣ ጉፍው የሱ መስኮት ነው። ትራፊኩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ስለሆነ መስኮቱን ብትዘጉትም ፋየርዎሉ ስራውን ይቀጥላል። መነሻው ኢንካሚንግ ዲናይ (የሚገባው ይዘጋል)፣ አውትጎይንግ አላው (የሚወጣው ይፈቀዳል) ነው፣ እዛ ላይ ተዉት፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ። ያበራሁት ቀን ከሰአት እህቴ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ሆና "ጋሼ ፎልደሩ አልከፍት አለኝ" አለች። ሄጄ ሳይ የዋናው ኮምፒውተር ስም ኔትዎርክ ውስጥ ይታያል፣ ስትነኩት ግን ይሽከረከር ይሽከረከርና ይቀራል። ፒንግ አደረግኩ (አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ መልእክት ነው)፣ ይመልሳል። ስሙም ከታየ ፒንግም ከመለሰ ፋየርዎሉ አይደለም ብዬ ሳምባ ሰርቨሩን (ፎልደሩን ሼር የሚያደርገውን ፕሮግራም) ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ሁለት ሰአት ሙሉ አለቀ። በኋላ የገባኝ ዩኤፍደብሊው ሲጫን ጀምሮ ፒንግን የሚያሳልፍ ህግ አለው፣ የኮምፒውተር ስም የሚያስተዋውቀውን በ5353 ፖርት (ፖርት ማለት አንድ አገልግሎት የሚገባበት ቁጥር ያለው በር ነው) የሚሄደውን መልቲካስትም (ለብዙ ኮምፒውተር በአንዴ የሚላክ መልእክት) እንዲሁ። ስለዚ ሁሉን ነገር ዘግቶም ፒንግ ይመልሳል፣ ስምም ይታያል። እባካችሁ ፒንግን አትመኑ፣ ፋየርዎል ችግር መሆን አለመሆኑን አይነግራችሁም።

የሚነግራችሁ ሎጉ (የሆነው ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል) ነው። ጉፍው ውስጥ ሎግስ የሚል ታብ አለ ግን እሱ ጉፍው ራሱ ያደረገውን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ እኔ መጀመሪያ እሱን እያየሁ ምንም የተዘጋ የለም ስል ነበር። የተዘጋው የሚጻፈው ቫር ከዛ ሎግ ውስጥ ዩኤፍደብሊው ዶት ሎግ የሚባለው ፋይል (/var/log/ufw.log) ላይ ነው። ቴርሚናል ላይ በቴይል (የፋይሉን መጨረሻ እየተከታተለ የሚያሳይ ትእዛዝ፣ tail -f) ከፍታችሁ ከሌላኛው ኮምፒውተር ፎልደሩን ለመክፈት ሞክሩ፣ ወዲያው ዩኤፍደብሊው ብሎክ የሚል መስመር ይመጣል፣ ኤስአርሲ (SRC) የሚለው ከማን እንደመጣ፣ ዲፒቲ (DPT) የሚለው ወደ የትኛው ፖርት እንደሆነ ነው። የኔ 445 ነበር፣ የሼር ፎልደር ፖርት ነው። ለ192.168.1.0/24 (የቤታችን ኔትዎርክ አድራሻዎች) በሙሉ 445 ቲሲፒን (ቲሲፒና ዩዲፒ ዳታ የሚላክባቸው ሁለት ዘዴዎች ናቸው) ፈቀድኩ፣ ፎልደሩ ተከፈተ፣ በቃ ደስ አለኝ።

ግን አስቡት፣ ያ ህግ የደንበኛ ላፕቶፕንም ያስገባል። አንድ ቀን በራሴ ስልክ በዋይፋይ ገብቼ ስሞክረው የሰው መታወቂያ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፣ ደነገጥኩ። ወዲያው ለሁለቱ ኮምፒውተሮች አይፒ (የኔትዎርክ አድራሻ) ብቻ አላው ጻፍኩ፣ ከስሩ ለቀሪው ዲናይ ጨመርኩ፣ ስልኬን ስሞክር አሁንም ይገባል! ምክንያቱ ዩኤፍደብሊው ህጎቹን ከላይ ወደ ታች ያነብና መጀመሪያ የገጠመው ላይ ይቆማል፣ የድሮው ሰፊ አላው ከላይ ስላለ የኔ ዲናይ ጋር አይደርስም። አዲስ ህግ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚገባው፣ ከላይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ አድቫንስድ ውስጥ ኢንሰርት የሚለው ላይ ቁጥር መስጠት አለባችሁ። ለኔ ግን ዲናዩም አያስፈልገኝም ነበር፣ መነሻው ዲናይ ስለሆነ ሰፊውን አላው ማጥፋት ብቻ ነበር። እሱንም አጥፍቼ ስልኩ አሁንም ፎልደሩን ሲያሳየኝ ልቤ ወረደ፣ ነገሩ ግን ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት ህግ ስትቀይሩ አይቆረጥም፣ ዋይፋዩን አጥፍቼ ሳበራው ነው የተዘጋው። ስትሞክሩ ሁልጊዜ ግንኙነቱን አቋርጣችሁ እንደ አዲስ ሞክሩ።

ከዛ ጥር ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ የእህቴ ኮምፒውተር እንደገና አልከፍት አለ። ምንም አልነካሁም። ሎጉን ሳይ ኤስአርሲው 192.168.1.7 መሆን ሲገባው 1.12 ሆኗል፣ ለካ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አይፒውን ቀያይሮታል። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ለሁለቱም በማክ አድራሻቸው (የኔትዎርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ቋሚ አይፒ ያዝኩላቸው፣ ከዛ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ተቸግሬ አላውቅም። ህግ በአይፒ የምትጽፉ ከሆነ ይሄን መጀመሪያ ጨርሱ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር በተለይ።

ስልክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ኬዲኢ ኮኔክት ከ1714 እስከ 1764 ያሉትን ፖርቶች በቲሲፒም በዩዲፒም ይፈልጋል፣ እኔ ቲሲፒ ብቻ ከፍቼ ስልኩ አይታየኝም ነበር። ፕሪኮንፊገርድ ከሚለው ዝርዝር ብትመርጡት ሁለቱንም ይጽፍላችኋል።

ሌላ ያስደነገጠኝ ፕሮፋይል ነው። ሆም፣ ኦፊስ፣ ፐብሊክ የሚሉ አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ህጎች አለው። አንዴ ሳላውቅ ወደ ፐብሊክ ቀይሬው ህጎቼ በሙሉ ጠፉ ብዬ እንደ አዲስ ልጽፍ ስል ነው ያየሁት፣ ወደ ሆም ስመልሰው ሁሉም በቦታቸው አሉ። ሎጉ ላይ ደግሞ በየሁለት ደቂቃው ገደማ ከራውተሩ ወደ 224.0.0.1 የሚል ብሎክ ታያላችሁ፣ አትፍሩ፣ ራውተሩ መልቲካስት የሚፈልግ አለ ወይ እያለ የሚጠይቀው ነው እንጂ የሚያጠቃችሁ ሰው አይደለም።

የማይወደድ ነገሩን ልንገራችሁ። በቴርሚናል የጻፋችሁትን ህግ ጉፍው ያሳያችኋል ግን ኤዲት አያስደርጋችሁም፣ ስለዚ አንዱን መንገድ ይዛችሁ ሂዱ። ዲናይ ሲዘጋ መልስ አይሰጥም፣ የተዘጋበት ፕሮግራም ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ እኔ ለውስጥ ኔትዎርኩ ዲናዩን በሪጀክት ተክቻለሁ፣ ያኔ ሳይከፍት ሲቀር ወዲያው ይናገራል፣ ችግር መፈለጉ በጣም ቀለለኝ። ዶከር (ፕሮግራሞችን ነጥሎ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ደግሞ ልብ በሉ፣ ዶከር የሚከፍተው ፖርት በዩኤፍደብሊው ህግ አይያዝም፣ ጉፍው ላይ ዝግ መስሏችሁ ክፍት ሊሆን ይችላል፣ ዶከርም በሰነዱ ላይ ይሄንኑ ጽፎታል።

ሪፖርት የሚለውን ታብ ግን በጣም ነው የምወደው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፖርት ከፍቶ እንደሚጠብቅ ያሳያል። ወር በገባ ቁጥር እሱን ከፍቼ አያለሁ፣ ባለፈው ሞክሬ የተውኩት የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም እዛ ተገኝቶ አጥፍቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፕሮፋይሉን ኤክስፖርት አድርጌ ፍላሽ ላይ ያዝኩት፣ የእህቴ ኮምፒውተር ላይም ጉፍውን አበራሁላት። እሷ ጋር ፎልደር ስለሌለ አንድም ህግ አላስፈለገም፣ ማብሪያውን ብቻ ነው የነካሁት።