ለገጣፎ አካባቢ ካንዴላ ስለማስቀየር፦ የከፈልኩትና ያገኘሁት

ዘንድሮ አገር ቤት ስመጣ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች በጥቅሉ ደህና ነበሩ። ከቦሌ ያመጣኝ ባለታክሲ በተስማማንበት ዋጋ አደረሰኝ፤ ሲም ካርድ ለማውጣት ብዙ አልተሰለፍኩም፤ ባንክ ቤት ያስተናገደችኝ ልጅም ትሕትናዋ የሚያስደስት ነበር። ስለ እነዚህ ብዙ የምለው የለኝም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ለገጣፎ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ጋራዥ የደረሰብኝ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ነገር ግን ሌላ ሰው እንዳይጎዳ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ። ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያገኘኋቸው አዛውንት መካኒክ ደግሞ ልቤን አሳርፈውታልና የእሳቸውንም እጨምራለሁ።

መኪናዋ የታላቅ እህቴ ናት፤ በፈረንጆቹ 2002 የተሠራች፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ቶዮታ ቪትዝ። እህቴ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሩቅ አትነዳትም። እኔ ስደርስ የካራን ዳገት ስትወጣ ትንዘፈዘፍ ነበር፤ ቆማ ስትሠራም ሞተሩ አንዴ ይረጋል፣ አንዴ ይንቀጠቀጣል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት በርቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ ይህቺ አሮጌ ቪትዝ ለእህቴ በቀላሉ የምትተካ ንብረት አይደለችም። ሳልመለስ አሠራታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

የመጀመሪያው ጋራዥ አቀባበል ያማረ ነበር። ወንበር ተወልውሎ ወጣልኝ፤ ሳልጠይቅ ቡና ታዘዘልኝ። በምኖርባት በጀርመኗ ሽቱትጋርት መኪናዬን ለጥገና ስወስድ ቁልፉን ተቀብለው ማታ ተመለስ ይሉኛል እንጂ ማንም አረፍ በል አይለኝም። ያ ወንበርና ያ ቡና የአገሬን ሰው ናፍቆት ቀሰቀሱብኝ። ኃላፊው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ጥቂት አዳመጠና «ካንዴላ ነው» አለ፤ ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው እቃ ማለት ነው። የትኛውን ዓይነት እንደሚገጥም ስጠይቀው ግን ስለ መኪናዋ አንድ ቃል ሳይናገር ስለ እኔ መለሰልኝ። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ኦሪጅናል የጃፓን ኢሪዲየም ነው የምናስገባው። ከውጭ ለመጣ ሰው ተራውን አንገጥምም።» ኢሪዲየም ያለው ጫፉ በዚህ ስም ከሚጠራ ጠንካራ ብረት የተሠራውን ካንዴላ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። እቃው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል ተባለ። አንዱ ልጅ አሮጌዎቹን ካንዴላዎች ወዲያው ነቅሎ ጨርሶ ስለነበር መኪናዋን ይዤ ልውጣ ብል አልችልም። ስድስት ሰዓት ላይ ስጠይቅ «መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። ስምንት ሰዓት ላይ «መገናኛ ደርሷል» አሉ። ከመገናኛ ለገጣፎ ምን ያህል እንደሆነ የማላውቅ ይመስል! አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በእጁ ታገሥ ብሎ ምልክት ሰጠኝና ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አላየሁትም። እህቴ ምሳ ይዛ መጥታ እዚያው ግቢ ውስጥ በላን።

ከመዘግየቱ ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ካንዴላ የተነቀለባቸው አራቱ ቀዳዳዎች ያን ሁሉ ሰዓት አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ግቢው ጠጠርና ዐፈር ነው፤ የጭነት መኪና በገባና በወጣ ቁጥር አቧራው እየተነሣ ሞተሩ ላይ ያርፋል። በካንዴላ ቀዳዳ የወረደ አሸዋ በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ያርፋል፤ ሞተሩ ሲነሣም የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። አንድ ቁራጭ ጨርቅ የጣለበት ሰው ግን አልነበረም፤ በመጨረሻ እኔ ራሴ ጨርቅ ፈልጌ አለበስኩት።

ካንዴላዎቹ የመጡት ሊመሽ ሲል ነው። ልጁ ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ፣ ክብደቱን ጥሎ አጠበቃቸው። ሂሳቡ ለአራቱ ካንዴላ 12,000 ብር፣ ለእጅ ዋጋ 3,000 ብር ሆነ። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመርበታል» ተባልኩ። አሮጌዎቹን ስጡኝ ስል «ተጥለዋል ጋሼ፣ ምን ያደርጉልዎታል?» አሉኝ። ካርቶኖቹንም ጠየቅሁ፤ ተፈልጎ አንዱ ብቻ ተገኘ። እኔ በምኖርበት አገር መካኒኩ ከተስማማንበት ዋጋ የሚያልፍ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይደውልልኛል፤ የገጠመውን እቃ ቁጥርም ደረሰኙ ላይ ይጽፈዋል። ይህን የምለው አገሬን ለማሳነስ አይደለም። የእቃ ቁጥር ወረቀት ላይ ለመጻፍ ዶላርም ፋብሪካም አያስፈልግም፤ ለዚህም ነው ቁጣዬ እስካሁን ያልበረደው።

መኪናዋ ለጥቂት ቀናት ደህና መሰለች። ከዚያ ጠዋት ጠዋት አልነሣም ማለት ጀመረች፤ መብራቱም ተመልሶ በራ። የእህቴ ጎረቤት ወደ አዛውንቱ መካኒክ መራን። የሚሠሩት መንገድ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እጃቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው «ልጄ፣ ይህ ሳይበርድ አይነካም» አሉኝ። የቪትዝ ቴስታታ፣ ማለትም ካንዴላዎቹ የሚገቡበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ነው፤ በትኩሱ ካንዴላ ሲነቀል የሚጠመዘዝበት ጥርስ ሊላጥ ይችላል፤ ጥርሱ ከተላጠ ደግሞ ወጪው ሌላ ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ ስለ መኪናዋ ጠየቁን፤ ማን እንደሚነዳት፣ ምን ያህል እንደምትሄድ፣ ዘይት ትቀንስ እንደሆነ።

ከበረደ በኋላ አንድ በአንድ ነቅለው፣ እንደ ሲሊንደሮቹ ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደረደሯቸው። አራቱም ጫፋቸው ጥላሸት ለብሷል። አንዱን አንሥተው ነጩን ሸክላ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ሲያሹት የኩባንያው ስም እየደበዘዘ ሄደ። ሮንዴላውን፣ ማለትም ከካንዴላው ጥርስ በላይ ያለውን የብረት ቀለበት፣ በጣታቸው ሲያዞሩት ተንሸራትቶ ወጣ፤ በትክክለኛው ካንዴላ ላይ ሮንዴላው እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። የመሃለኛው ጫፍ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ብልጭታው የሚዘልልበትን፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተትም ሲለኩ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ያልተናገሩት ነገር ቢኖር የሰው ስም ማጥፋት ብቻ ነው። ማን እንደገጠመው እንኳ አልጠየቁኝም።

ከእሳቸው የተማርኩትን እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ላስፍር። ኢሪዲየም የሚቀልጠው በ2,446 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ተራው ካንዴላ የሚሠራበት ኒኬል ግን በ1,455። ስለዚህ የኢሪዲየሙ ጫፍ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ቀጥኖ ሊሠራ ይችላል፤ ብልጭታው በአነስተኛ ቮልት ይዘልላል፣ እድሜውም ይረዝማል። የተራው ጫፍ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። እህቴ መኪና ላይ «ኢሪዲየም» ተብለው የገቡት ጫፋቸው እንደ ተራው ወፍራም ነበር። ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ካርቶኑን ከፍቶ ማየት ይበቃል።

ካንዴላዎቹ ሐሰተኛ ባይሆኑ እንኳ ለዚህ ሞተር የሚስማሙ አልነበሩም። የዚህ ሞተር ካንዴላ በጃፓኑ አምራች በዴንሶ አቆጣጠር ኬ16አር-ዩ11 ነው። በዚህ ውስጥ ኬው ጥርሱ 14 ሚሊሜትር ስፋትና 19 ሚሊሜትር ርዝመት እንዳለው፣ 16 የሙቀት ደረጃውን፣ አሩ የራዲዮና የኮምፒውተር ረብሻ የሚቀንስ ሬዚስተር እንዳለበት፣ 11 ደግሞ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር መሆኑን ይነግራል። የተረፈኝ ካርቶን ላይ የተጻፈው የሙቀት ደረጃ ግን 20 ነበር። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው ያስተላልፋል፤ ባለሙያዎቹ ቀዝቃዛ ይሉታል። የካንዴላ ጫፍ የተጠጋበትን ጥላሸት ራሱ አቃጥሎ የሚያጸዳው ከ450 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ቀዝቃዛ ካንዴላ አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይ ሲገባ እዚያ ሙቀት ላይ መድረስ ይሳነዋል፤ ጥላሸቱ ይከማቻል፣ ብልጭታውም በክፍተቱ መዝለሉን ትቶ በጥላሸቱ ላይ ይፈስሳል። ለገጣፎ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሜዳ አገር የሚያገኘውን ጉልበትም ሙቀትም አያገኝም። ስለዚህ ፋብሪካው ካዘዘው የቀዘቀዘ ካንዴላ እዚህ የሚገባበት ምክንያት ጨርሶ የለም።

ቁጥሩን ስታነጻጽሩ የኩባንያውን ስም አብራችሁ ተመልከቱ። የዴንሶ 16 ከኤንጂኬ 5 ጋር፣ የዴንሶ 20 ከኤንጂኬ 6 ጋር ይመጣጠናል፤ በሁለቱም ትልቅ ቁጥር ቀዝቃዛ ማለት ነው። በቦሽ ግን ተቃራኒ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ቦሽ በ1902 እ.ኤ.አ. የከፍተኛ ቮልት ማቀጣጠያውን ከነካንዴላው ያወጣው እኔ በምኖርባት በሽቱትጋርት ነው፤ እዚያም ቢሆን የሱቁ ሻጭ የሞተሩን ዓይነት ሳይጠይቅ ካንዴላ አይሰጥም። የጥርሱ ርዝመትም ቀላል ነገር አይደለም። 19 ሚሊሜትር በሚጠይቅ ቀዳዳ 26.5 ሚሊሜትር ቢገባ ጫፉ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

አዛውንቱ ከልብ ያዘኑት አሮጌዎቹ ካንዴላዎች በመጣላቸው ነው። «እነሱን ባይ ኖሮ የሞተሩን ሕመም እነግርህ ነበር» አሉኝ። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም ብልጭታ አንሷል። ዘይት ያረጠበው ከሆነ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ አልቋል። ነጭ ሆኖ አረፋ ካወጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ጋራዡ የጣለው ይህንን ሁሉ መረጃ ነው።

ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝና ከዚያው ከሶማሌ ተራ ኢሪዲየም ያልሆነውን፣ ተራውን ገዛሁ። የሱቁ ልጅ ካርቶኑን ከፍቼ ሮንዴላውንና ጽሑፉን ስፈትሽ ቅር አላለውም። ለአራቱ የከፈልኩት 2,800 ብር ነው። አዛውንቱ እያንዳንዱን በላስቲክ ቱቦ ጫፍ ይዘው በእጅ ብቻ እያዞሩ አስገቡ፤ ሮንዴላው ሲነካ በቁልፍ ከግማሽ ዙር ትንሽ አለፍ አድርገው አቆሙ። ረጅም እጀታ አላመጡም። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች፤ መብራቱም ጠፋ። የጠየቁት 600 ብር ነበር። ጨምሬ ስሰጣቸው ትርፉን መለሱልኝ፤ እህቴ ለልጆቻቸው ብላ በግድ አስያዘቻቸው።

ሐሰተኞቹን ካንዴላዎች ይዤ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስኩ። ኃላፊው አላያቸውም፤ «አንዴ የተገጠመ እቃ አይመለስም ጋሼ» አለኝ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ እህቴ ክንዴን ይዛ «ተው፣ አንተ ልትሄድ ነው፤ እዚህ ሰፈር የምኖረው እኔ ነኝ» አለችኝ። ገንዘቡ እዚያው ቀረ።

ወደ ጋራዥ የምትሄዱ የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ወይም የሞተሩን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ ካንዴላው ከመነቀሉ በፊት አዲሱ እቃ በእጃችሁ ይግባ፤ አሮጌዎቹን አስመልሱ። ወደ አዛውንቱ የምትሄዱ ከለገጣፎ ወጥታችሁ የሰንዳፋን አስፋልት ስትይዙ በስተቀኝ በኩል፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ቤት ታገኟታላችሁ። እሑድ አይሠሩም። መኪናውን ከማታ ጀምራችሁ እዚያ ብታሳድሩት ይመረጣል፤ ሞተሩ በርዶ ስለሚያድር ጠዋት በጊዜ ይጀምሩላችኋል።