ባለሦስት ሲሊንደሩን ትራክተሬን ባለአራት ያደረገው የኮምቦልቻ ጋራዥ

በቦርከና ሸለቆ ማሽላና ጤፍ የማርስበት ማሲ ፈርጉሰን 135፣ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የተመረተ፣ 2.5 ሊትር የፐርኪንስ ሞተር ያለውና በአዲስነቱ 45 ፈረስ ጉልበት ገደማ የሚሰጥ ትራክተር ነው። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሳሳው አየር ምክንያት ከጉልበቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣል፤ የእኔው ላይ እርጅናም ተጨምሮበት የማሽላ መውቂያውን ማዞር አቅቶት ነበር። ስለዚህ ከተጣለ ማሲ ፈርጉሰን 165 ላይ የወጣ፣ 3.3 ሊትር የሆነ ባለአራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ገዝቼ ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት።

ይህ ሥራ የመኪና ሞተር እንደመቀየር አይደለም። ትራክተሩ ሻንሲ የለውም፤ የፊት አክስሉ በሞተሩ ፊት፣ ካምቢዮው ደግሞ በሞተሩ ጀርባ ስለሚታሰር፣ ሞተሩ ራሱ የትራክተሩ ወገብ ነው። አንድ ሲሊንደር ሲጨመር ትራክተሩ ይረዝማል፤ ኮፈኑ አይበቃም፣ የመሪው ዘንጎች ያጥራሉ፣ መዞሪያውም ይሰፋል።

ጋራዡን የማመሰግነው በዋናነት ለመጋጠሚያው ሥራ ነው። ዋናው ባለሙያ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚገባውን ወፍራም ብረት ራሱ በቶርኖ ከሠራ በኋላ፣ ቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ከባድ ብረት፣ እንዳይወላገድ መለኪያውን ደቅኖ በእጁ ቀስ እያለ ሲያዞር፣ መርፌዋ ትንሽ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ቡሎኖቹን ፈትቶ እንደገና ሲያስር አንድ ሙሉ ከሰዓት አብሬው ቆሜ አይቻለሁ። ፍሪሲዮኑ ዛሬም ያለ መንቀጥቀጥ ይይዛል።

የመሪ ዘንጎቹን ግን መሀላቸውን ቆርጠው በብየዳ ቀጥለዋቸው ነበር። ሕይወት የሚንጠለጠልበትን ዘንግ በብየዳ ማስረዘም ለእኔ የማይታለፍ ጥፋት ስለሆነ፣ ከአንድ ወጥ ብረት ተሠርተው እስኪቀየሩ ድረስ አልረከብም አልኩ፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀየሩልኝ። ሁለተኛው ጉድለት የቀድሞውን ትንሽ ራዲያተር መልሰው መግጠማቸው ነው። ወደ ደሴ ማሽላ ጭኜ የሀረጎን ዳገት ስወጣ የሙቀት መርፌው ቀዩ ላይ ደረሰና፣ ዳር ይዤ ሞተሩ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። የ165ቱን ራዲያተር ፈልጌ ያስገጠምኩት በራሴ ወጪ ነው። በ12 ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ 31 ቀን መፍጀቱንም ልጥቀስ፤ በመኸር መግቢያ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስረከብ ባለሙያው «ጋሼ፣ ሞተሩ ይጎትታል፤ ካምቢዮውና ጎማውን የሚያዞረው ሴሚያሱ ግን የትንሹ ሞተር ናቸው፤ ማረሻ እንዳይጨምሩበት» አለኝ። ብዙ ጋራዥ ይህን አይናገርም። እኔም የማርሰው በቀድሞው ባለሁለት ዲስክ ማረሻ ነው፤ የጨመርኩትን ጉልበት የማገኘው መውቂያው ላይ ሲሆን፣ መውቂያውን የሚያዞረውን የትራክተሩን የኋላ ዘንግ በደቂቃ 540 ዙር ላይ አድርጌ ነዶ በብዛት ስጨምርበትም የሞተሩ ድምፅ አይወርድም። ስለዚህ ለውቂያና ለውሃ መሳቢያ ለሚፈልግ ሰው ጋራዡን እጠቁማለሁ፤ ከባድ መሬት ለመገልበጥ ያሰበ ግን ገንዘቡን አጠራቅሞ 165ቱን ራሱን ቢገዛ ይሻለዋል።

ኮፈኑን ለማስረዘም ከበርሜል ቆርጠው የቀጠሉት ላሜራ ቀለሙ ከቀድሞው ቀይ ጋር አልገጠመም፤ እሱን እንዳለ ትቼዋለሁ።