ጳጉሜን ላይ የሚፈጥን ፕሮግራም፦ ሲፕሮፋይልን እንዴት አገኘሁት

ሲፕሮፋይል ማለት ፓይቶን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ጊዜውን የት እንደሚያባክን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአንድ የገብስ መጋዘን በፓይቶን የሠራሁት ፕሮግራም አለ። ባለቤቷ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ገበሬው ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ ገብሱን ጭኖ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። እሱ ቶሎ ነው የሚያልቀው። የሚያስቸግረው የወሩ ሪፖርት ነበር። 38 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ብርድ እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ሲጠብቁ ማየት ያሳቅቀኛል።

አንድ ቀን «ልጄ፣ ጳጉሜን ላይ እንዲህ አልነበረም እኮ፤ ቶሎ ነበር የሚወጣው» አሉኝ። መስሏቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

እኔ የጠረጠርኩት ዳታቤዙን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ሳስተካክል ዋልኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ከዚያ ኮዱ መሀል እዚህም እዚያም ታይም ዶት ታይም የሚባለውን የፓይቶን ትእዛዝ እየሰካሁ መለካት ጀመርኩ። እሱም ስህተት ነበር። ታይም ዶት ታይም የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው የሚያነበው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያስተካክላል፣ ወደ ኋላም ሊመለስ ይችላል። ቆይታ ለመለካት የተሠራው ፐርፍ ካውንተር ነው። ከፓይቶን 3.3 ጀምሮ አለ፣ ወደ ኋላ አይሄድም።

ሰዓቱን ካስተካከልኩ በኋላም ቁጥሩ አልረጋ አለኝ። መብራት ሄዶ በባትሪ ስሠራ ያው ሪፖርት 52 ሰከንድ ወሰደ። ኮዱ አልተነካም። ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ቀዝቀዝ አድርጎት ነው። ከዚያ ወዲህ ቻርጀር ሳይሰካ የተለካ ቁጥር አላምንም።

ሲፕሮፋይልን የሞከርኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ምነው መጀመሪያውኑ በሞከርኩት! ከፓይቶን 2.5 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ስለሆነ ዳውንሎድ የለም፣ ፓኬጅ አይበላም። ኮዱን ሳይነኩ ፕሮግራሙን በእሱ በኩል ማስነሳት ነው፤ ሲጨርስ ሰንጠረዥ ያወጣል። ኤንኮልስ የሚለው ዓምድ ፋንክሽኑ፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል፣ ስንት ጊዜ እንደተጠራ ይናገራል። ቶትታይም ፋንክሽኑ ራሱ ብቻ የወሰደው ጊዜ ነው። ኩምታይም ደግሞ እሱ የጠራቸውን ሌሎች ፋንክሽኖች ጨምሮ ነው።

መጀመሪያ በቶትታይም ደረደርኩት። ከላይ የመጡት እኔ ያልጻፍኳቸው የፓይቶን የውስጥ ፋንክሽኖች ሆኑና ግራ ገባኝ። በኩምታይም ስደረድረው ግን ፕሮግራሙንና ሪፖርቱን ከሚያስነሱት ቀጥሎ አንድ የራሴ ፋንክሽን ቁጭ አለ፤ የደረሰኙን ቀን ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይረው። ጎኑ ላይ 1,200,000 ጊዜ ተጠርቷል ይላል። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ያለን ደረሰኝ 40 ሺህ ነው።

40 ሺህ ሲባዛ በ30። ለወሩ ለእያንዳንዱ ቀን ደረሰኙን ሁሉ ከላይ እስከ ታች እያነበበ፣ በየጊዜው ቀኑን እንደ አዲስ ይቀይር ነበር። ጳጉሜን ደግሞ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ቀን ብቻ ናት። እትዬ ልክ ነበሩ።

የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቀይር አደረግሁት። ሪፖርቱ ወደ 3 ሰከንድ ወረደ። ለእትዬ ሳሳያቸው ሻዩ ቀርቦላቸው ስኳሩን እንኳ አላማሰሉም ነበር። «ይኸው፣ እንደ ጳጉሜን ሆነ» አሉ።

ሲፕሮፋይል ጉድለት አለው። እያንዳንዱን የፋንክሽን ጥሪ ስለሚመዘግብ ፕሮግራሙን ያንቀራፍፈዋል፤ የእኔ 38 ሰከንድ በእሱ ስር ከ70 አልፎ ነበር። ጫናው ደግሞ እኩል አይደርስም። ብዙ ጊዜ የሚጠሩ ትንንሽ የፓይቶን ፋንክሽኖች ከሆኑት በላይ ከባድ መስለው ይታያሉ፤ ሲ በሚባለው ቋንቋ የተጻፉትን የፓይቶን የውስጥ ፋንክሽኖች ብዙም አይነካቸውም። ስለዚህ ጊዜው የት እንደሚባክን ከእሱ ጠይቁ፣ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ግን በፐርፍ ካውንተር ለኩ። እኔ አምስት ጊዜ አስኬድና ትንሹን ቁጥር እወስዳለሁ፤ ትልልቆቹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ገብቶባቸዋል። ለአንዲት መስመር ኮድ ከሆነ ታይም ኢት የሚባለው የፓይቶን መለኪያ ይሻላል። ከኮድ ውስጥ ስትጠሩት፣ ዝም ካላችሁት ራሱ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋግምላችኋል።

እየሠራ ያለ ፕሮግራም ሳይቆም ውስጡን ማየት ለሚፈልግ ፓይ ስፓይ አለ። በሰከንድ 100 ጊዜ እየገባ ፕሮግራሙ የትኛው ፋንክሽን ላይ እንዳለ ያያል፣ ስለዚህ እምብዛም አያንቀራፍፍም። እሱን ግን ማውረድ ያስፈልጋል፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሱዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አስተዳዳሪ፣ ፈቃድ ይጠይቃል። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ጭኜዋለሁ። ገበሬው ተሰልፎ ፕሮግራሙን ማቆም በማልችልበት ሰዓት የምከፍተው እሱን ነው፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሠራ ሲፕሮፋይል ይበቃኛል።