ላንጋኖ ወይስ ባቱ? ለሁለት ሌሊት ጸጥታ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

አርብ ከሥራ ወጥቶ እሑድ ማታ አዲስ አበባ መመለስ ያለበት ሰው ደሴትና አሸዋ ሲያምረው ቶሎ የሚታወሰው ዛንዚባር ነው። አውሮፕላኑ በቀጥታ ይበራል። ግን ለሁለት ሌሊት ሲባል ዶላር መፈለጉ፣ ወረቀቱና የኤርፖርት ሰልፉ ሲደመሩ ሰው ሰኞ ሥራ የሚገባው ደክሞት ነው። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው በዋናነት በመኪና የሚደረስባቸውን ሐይቆች ነው፤ ከእነሱም ይበልጥ በአንድ መንገድ ላይ ያሉትን ሁለቱን፣ ላንጋኖንና ዝዋይን። ከተማዋ ባቱ ተብላለች፣ ሐይቁም ደምበል ይባላል፤ ለጀልባ ሲደራደሩ ግን አሁንም ዝዋይ የሚል ብዙ ነው።

ላንጋኖ የሚኬደው ውኃ ውስጥ ለመግባት ነው፤ ዝዋይ የሚኬደው ውኃውን ለመሻገር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ክፍል ይይዝና ቅር ብሎት ይመለሳል።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ውኃው ማኪያቶ ይመስላል። መጀመሪያ ያየው ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ይሸሻል፤ ቀለሙ ግን ደቃቅ ደለል ውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር የመጣ ነው። ነጭ የዋና ልብስ እቤት ይቅር። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የማያሰጋበት ሐይቅ በመባል ይታወቃል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ከክፍሉም ከምግቡም በላይ ዋጋ አለው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዘንድ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል፤ ስለዚህ ዋናው በጠዋት፣ መጽሐፉና እንቅልፉ ከምሳ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ጸጥታው ግን እንደ ዳሩ ነው። ምዕራቡ ዳር ለሻሸመኔው አስፋልት ስለሚቀርብ በአነስተኛ መኪናም ይደረሳል፤ እንደ ሳባና ያሉት ሎጆች በዚህ በኩል ናቸው። ለመድረስ ቀላል የሆነው ለእናንተ ብቻ እንዳልሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ትረዳላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ በዚሁ ዳር፣ ስሙን በማልጠራው ቦታ፣ «ሐይቁን የሚያይ» የተባለ ክፍል በስልክ ያዝኩ። ማየቱንስ ያያል፤ በእኔና በሐይቁ መካከል ግን ባሩና ቁመቱ እኔን የሚያህል ስፒከር ቆመዋል። ቅዳሜ በሁለት አውቶቡስ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መጡና ጭፈራው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዘለቀ። ባለቤቴ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ተኛች፤ እኔ ግን አዳዲስ ዘፈኖችን ሁሉ በቃሌ አጥንቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት «ቅዳሜ የቡድን እንግዳ ወይም ሠርግ አላችሁ?» እላለሁ። ቀጥሎ «ከባሩ ስንት ክፍል ይርቃል?» እላለሁ። ስልኩን ያነሣው ልጅ ሲስቅ ከሰማሁ መልሱን አውቄዋለሁ።

ምሥራቁና ደቡብ ምሥራቁ ዳር ሌላ ዓለም ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ረዘም ያለ የአፈር መንገድ አለ፤ ክረምት ላይ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። እንደ ወነይ ያሉ ሎጆች ያሉት በዚህ ወገን ሲሆን፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለና ጉሬዛ የሚዘልበት ነው። ለቀን መዝናኛ ብሎ ድምፅ ማጉያ ጭኖ እዚህ ድረስ የሚመጣ ጥቂት ነው። መንገዱ ራሱ ዘበኛ ሆኖላቸዋል። ጉማሬ ይወጣል በሚባልበት ጥግ ግን ሠራተኞቹን ሳትጠይቁ ሲመሽ አትንሸራሸሩ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ምሥራቁ አያዋጣም፤ የመንገዱ ድካም ሳይወጣላችሁ የመመለሻው ሰዓት ይደርሳል።

ባቱ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሞጆ ያለው የክፍያ መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። አርብ ዘግይቶ የወጣ ሰው እራት ሳያልፈው ይደርሳል። አሳው ትኩስ ነው፣ ለብለብም ጉላሽም። የሚጾም ሰው ግን አርብ ማታ የሚደርስ መሆኑን አይርሳ፤ ተጋቢኖ ወይም በያይነቱ ይኑር አይኑር አስቀድሞ መደወል ያዋጣል።

እዚህ ግን አትዋኙ። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፣ ቢልሃርዚያም አለበት፤ ጉማሬውን ሳንጨምር። የምትከፍሉት ለደሴቶቹ ነው። አምስት ናቸው፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ፣ በሌላ ስሙ ደብረ ጽዮን፣ በጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዮዲት ዘመን ጽላተ ሙሴ ከአክሱም ሸሽቶ እዚህ እንደቆየ በትውፊት ይነገራል፤ ገደሉ ላይ ያለችው ማርያም ጽዮን የብራና መጻሕፍት ያቆየች ናት። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ጊዜ የሌለው ሰው ቀረብ ያሉትን ደብረ ሲናንና ገሊላን አይቶ ይመለሳል፤ አባ ኮዳና ፔሊካኑንስ የብስ ላይ ሆኖም ያያቸዋል።

የጀልባ ዋጋ ሲነገራችሁ በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ደርሶ መልስ ነው ወይ፣ ስንት ሰዓትስ ይጠብቃል ብላችሁ ቁርጡን ለዩ። ላይፍ ጃኬቱን ሳታዩ ብር አትስጡ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብትነሡ ነፋሱ ሳይመጣ ትመለሳላችሁ። ሁለቱም ሐይቆች ወባ ያለበት አካባቢ ናቸው፤ አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው ቁልፍ ስትቀበሉ እዩ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለመተኛት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይበቃል፤ ሐይቆቹ ግን ገደላማ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸውና አሸዋ አትጠብቁ፤ በኢሬቻ ሰሞን ደግሞ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው። ወንጪ በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ የገባ ነው፤ ሐይቁ መካከል ቂርቆስ ያለበት ደሴት አለ፤ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ የለም፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ለእኔ ከሁሉም ጸጥተኛው እሱ ነው፤ ጋቢ ለያዘ ሰው። ጣና በደሴት ብዛት ማንም አይደርስበትም፤ ግን በመኪና ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አውሮፕላንና ሦስት ቀን ይጠይቃል፣ ከመነሣትም በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት ግድ ነው። ባለትዳሮች አንድ ነገር ይወቁ፦ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ጎኑ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባሉ።

የትም ይሁን የት፣ የተነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶ ቫትና የአገልግሎት ክፍያን ያካተተ መሆኑን ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ይህ የሚታወቀው ሲወጣ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ አንዳንድ ሎጆች ለውጭ ዜጋ የተለየ ዋጋ አላቸው፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይቀበሉ እንደሆነ በስልክ ይጠየቅ እንጂ ሪሴፕሽን ፊት ቆሞ አይከራከር። ጄኔሬተሩ ከየትኛው ክፍል ጀርባ እንዳለም ጠይቁ። መብራት በጠፋ ሌሊት ከስፒከር አይተናነስም።

የእኔ ምርጫ ሁለቱን ማጣመር ነው፦ አርብ ማታ ባቱ አድሬ ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ቅርብ ደሴት ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከምሳ በኋላ ወደ ላንጋኖ ምሥራቅ ዳር እሻገራለሁ፤ እሑድ ጠዋት እዋኛለሁ። ሕፃናት ካሉ ግን ጀልባውን ትቼ በቀጥታ ላንጋኖ ነው፣ ምዕራቡም ቢሆን፣ ከባሩ ከራቀ። እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ መነሣት ይሻላል፤ ዘግይቶ የወጣ ሰው በላንጋኖ የተረፈውን ጸጥታ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ሰልፍ ላይ ይጨርሰዋል።