የትከሻ ኦፕራሲዮን ላለባችሁ፦ ሀዋሳ ስላለ አንድ የሰመመን ባለሙያ

ይሄን የምጽፈው ሀዋሳ ስለሚሠራ አንድ የሰመመን ባለሙያ ነው። «ስሜን እንዳይጽፉ» ብሎ ለምኖኛል፤ አልጽፍም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

ከባጃጅ ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ ተሰብሮ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ሰሌዳ ላይ የምጽፍበት እጅ ነው። መጀመሪያ ብረት የገባልኝ ሌላ ቦታ ነው፤ የት እንደሆነ ይቅር። ኦፕራሲዮኑ አልቆ ከሰመመን ስነቃ የጀመረኝን ሕመም ጠላቴም አይየው። ማስታገሻ ስለምን «ሰዓቱ አልደረሰም» ይሉኛል። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ የሚሰጥ ሰው የለም። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ስትንከራተት አደረች። በመጨረሻ አንዱ መጣና «ትልቅ ሰው አይደሉ እንዴ? ቻል ያድርጉት እንጂ!» ብሎኝ ሄደ። ሕመሙን ረሳሁት፣ ይቺን ንግግር ግን እስካሁን አልረሳሁም። ትልቅ ሰው አያመውም ያለው ማነው?

ይባስ ብሎ የገባው ብሎን ላላ። እንደገና መከፈት አለበት ተባለ። እኔማ «ከዚህ በኋላ ቢላ አያየኝም፣ ጠማማም ይሁን» ብዬ ነበር። ባለቤቴ ናት ሀዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር የምትኖር እህቷ ቤት እየጎተተች ያመጣችኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ወጣት መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ጋሼ፣ ባለፈው ክፉኛ አሞዎት ነበር አሉ» አለኝ። በቃ፣ የሆዴን ዘረገፍኩለት። አላቋረጠኝም። ከዚያ ሙሉ ሰመመኑ እንዳለ ሆኖ፣ ቀድሞ ወደ ትከሻ የሚሄዱትን ነርቮች አንገቴ ሥር በመርፌ እንደሚያደነዝዝልኝ ነገረኝ። «ሲነቁ ትከሻዎ አብሮዎት አይነቃም» አለ እየሳቀ።

አንገት ላይ መርፌ ሲባል ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን እርጉዝ የሚታይበትን አልትራሳውንድ አንገቴ ላይ አሳርፎ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ጥቁር ክቦች አሳየኝ። «እንደ ትራፊክ መብራት አይደሉ? ነርቮችዎ እነዚህ ናቸው፤ መርፌውም የት እንዳለ እያየሁ ነው የምሄደው» አለኝ። ሌላ ያብራራው ነገር አልገባኝም፤ ማየቱ ብቻ በቂዬ ነበር። የሚመጣውንም አስቀድሞ ነገረኝ፦ ድምፅዎ ሊሻክር፣ የዐይንዎ ቆብ ሊወርድ፣ ትንፋሽዎ ትንሽ ሊከብድዎት ይችላል፣ መድኃኒቱ ሲለቅ ይሄዳል። ድምፄ እውነትም ሻከረ፤ ስለተነገረኝ አልደነገጥኩም።

ስነቃ ትከሻዬ ዝም ብሏል። እጄ የሌላ ሰው ይመስላል፣ ሕመም ግን የለም። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ማታ ያደረገው ነው። ሥራውን ጨርሶ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ተመልሶ መጣ። ባለቤቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጥታ አጠገቤ አስቀምጣው ነበር። «እትዬ፣ ፔርሙዙን ከእጃቸው አርቁት፤ ቢያቃጥላቸውም አይሰማቸውም» አላት። ቀጥሎም ማደንዘዣው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል፣ ሲለቅ ግን ሕመሙ ድንገት እንደሚመጣ አስረዳት። «እስኪያማቸው አትጠብቁ። ባይሰማቸውም ክኒኑን በሰዓቱ ስጧቸው» አለ። ተረኛዋን ነርስም ጠርቶ ያንኑ ደገመላት። እሷም፣ እድሜ ይስጣት፣ ሳንጠራት በሰዓቷ መጣች። ማደንዘዣው ሲለቀኝ አመመኝ፤ ግን የሚቻል ሕመም ነበር። ያን የመጀመሪያውን ሌሊት የሚመስል ነገር አላየሁም።

የትከሻ ኦፕራሲዮን ያለባችሁ፣ እባካችሁ «በአልትራሳውንድ እየታየ የሚሰጥ የነርቭ ማደንዘዣ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። መሣሪያውና የሠለጠነ ሰው ስለሚፈልግ በየቦታው አይገኝም። የሳንባ ሕመም ያለባችሁ ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ አትደብቁ፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ልጄ፣ ይሄን ካነበብከው እጅህን ይባርከው። ወላጆችህ ይባረኩ። ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ከፍ አድርጌ ባይሆንም።

እሱ ጋ መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የት እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ። ሁልጊዜ ተረኛ ስለማይሆን ግን ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁኝ።