«ራሳችን የሠራነው ሲስተም» ለሚሏችሁ የሰርቨር ፓነል ከመክፈላችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ቢሮ ያላችሁ ይቺን አንብቧት። ሰሞኑን ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ «ራሳችን የሠራነው የሰርቨር ማስተዳደሪያ» የሚሸጡ ልጆች አሉ። አንዱን ሰርቨር ለአሥር ይከፋፍላል፣ ባካፕ በራሱ ይወስዳል፣ ሁሉንም ከብሮውዘር ታዛላችሁ ይላሉ። ይሄ እውነት ነው። ውሸቱ «ራሳችን የሠራነው» የምትለዋና በየዓመቱ የሚጠይቁት የላይሰንስ ብር ነው።

አጎቴ ቡሬ ላይ እህል ይነግዳሉ። የተገጠመላቸውን ከፍቼ አየሁት። ሎጎው ተቀይሯል፣ ቀለሙ ተቀይሯል፣ አድራሻው መጨረሻ ላይ ግን 8006 የምትል ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) ቁጭ ብላለች። ይቺ የፕሮክስሞክስ ቁጥር ናት፤ ዕቃው ፕሮክስሞክስ ነው! አንድ የቪየና ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚያወጣው፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚጭነው ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የሰርቨር ማስተዳደሪያ። ኩባንያው ራሱ በሲፒዩ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት ቦታ) ልክ ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ እሱ ግን ለድጋፍና በደንብ ለተፈተሸ አፕዴት ነው፣ ባትከፍሉም ፓነሉ አይቆለፍባችሁም። የእኛዎቹ ሻጮች ግን ሩት ፓስወርዱን (ሁሉን የሚያዘውን ዋናውን የይለፍ ቃል) ይዘው ይሄዱና ዓመት ሲሞላ ካልከፈላችሁ መግባት የለም።

ቀይሮ መሸጡ በራሱ ክልክል አይደለም። ላይሰንሱ ኤጂፒኤል የሚባለው የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ስለሆነ ግን የቀየሩትን ኮድ ለተጠቃሚው የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጠይቋቸውና ፊታቸውን እዩ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። አጎቴ የፈለጉት የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ የሚሠራበት ሰርቨር ነበር፣ የተሸጠላቸው ኮንቴይነር። ኮንቴይነር ከሰርቨሩ ተከፍሎ የሚሰጥ ክፍል ነው፣ የራሱ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ግን የለውም፤ አንድ ግቢ ተከራይተው በአንድ ቆጣሪ እንደሚጠቀሙ ሰዎች የዋናውን ማሽን የሊኑክስ ከርነል ይጋራል። ቀላልና ፈጣን ነው፣ ራም አያባክንም፣ ለሊኑክስ ዌብሳይትና ዳታቤዝ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ዊንዶውስ ግን በምንም ተአምር አይነሳበትም፣ ፒችትሪ ደግሞ ያለ ዊንዶውስ የለም። እዚያው ፓነል ላይ ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን (የራሱ ከርነል ያለው፣ ዊንዶውስም የሚነሳበት) የሚያስነሳ ኬቪኤም የሚባል አለ፣ ያውም በነፃ። «እሱ ፕሪሚየም ነው፣ ይጨምሩ» አሏቸው።

ቨርዥኑንም እዩ። ከ4 በታች ከሆነ ኮንቴይነሩ የሚሠራው ኦፕንቪዚ በሚባለው አሮጌ ቴክኖሎጂ ነው ማለት ነው። ፕሮክስሞክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ትቶት ኤልኤክስሲ ወደሚባል ሌላ የኮንቴይነር ቴክኖሎጂ ዞሯል፤ ለዚያ ለአሮጌው የደህንነት አፕዴት ከቆመ ቆይቷል።

ለገጠማው፣ ለሥልጠናው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መጥቶ ለሚያየው ሰው ክፈሉ፣ ድካም ነው፣ ይገባዋል። ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሩት ፓስወርዱን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ግቡበት። ባካፑንም ዓይናችሁ እያየ መልሶ ያስነሳላችሁ። እዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ባካፕ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፣ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

የተቆለፈባችሁ ካላችሁ ደግሞ አትክፈሉ። ዲስኩ ካልተመሰጠረ፣ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ሰርቨሩ ላይ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቶ ሲነሳ ከቡት ሜኑው ፓስወርዱን ይቀይረዋል። ዳታው አይነካም። የአጎቴም የተከፈተው እንደዚያ ነው።